ለቅሶዋን የተቀማች እናት

ሀብተ ጊዮርጊስ ጥቁር ሸሚዙን የሚያወልቀው ምድር ቤት ነበር። ፍራንክፈርት፣ ግሪስሃይም በሚባል ሰፈር ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለው ሕንፃ ሥር፣ ተከራዮች አሮጌ ብስክሌትና የክረምት ጎማ በሚያስቀምጡበት ጠባብ ክፍል ቆሞ ጥቁሩን ምስማር ላይ ይሰቅላል፤ ሰማያዊ ሹራቡን ያጠልቃል፤ ፊቱን በመሐረብ ይጠርግና ደረጃውን ቀስ ብሎ ይወጣል። በሩ ፊት ለአፍታ ይቆምና ፈገግታ የሚባለውን ነገር ከየትም ፈልጎ ፊቱ ላይ ያኖራል። «መጣህ?» ትለዋለች ባለቤቱ የወርቅውሃ ከአልጋዋ ሆና። «መጣሁ፣ ወርቅዬ።» «ከያሬድ ወሬ አለ?» «ደህና ነው። ሥራ በዝቶበታል።» አይ የሰው ልጅ! ልጁን በገዛ እጁ አፈር ያለበሰ አባት «ሥራ በዝቶበታል» ብሎ ሲናገር ምላሱ እንዴት ታዘዘለት?

ሀብተ ጊዮርጊስ ለትምህርት መጥቶ፣ አገሩ ደም ሲፋሰስ በዚያው የቀረ፣ ትምህርቱንም ሳይጨርስ ትራም ሲነዳ ጸጉሩን ያሸበተ ሰው ነው። የወርቅውሃ ደግሞ በአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ድንች ስትልጥ ኖራ ሁለት ልጆች ያሳደገች፣ ቀልደኛ፣ ቁጡ፣ ሆደ ቡቡ ሴት ናት። የፍራንክፈርት ሐበሻ የሚያውቃት ግን በሌላ ነገር ነው፤ መርዶ በማርዳት። ከአገር ቤት የሞት ወሬ ሲመጣ ስልኩ መጀመሪያ የሚደወለው ለእሷ ነበር። ሰው ሥራ ላይ እያለ፣ መንገድ ላይ እያለ አይረዳም። እሷ ወዳጅ ዘመዱን ጎህ ሳይቀድ ታሰባስባለች፤ ጥቁሩን በካፖርት አስሸፍና ከትራም ፌርማታው ይዛቸው ትመጣለች፤ በር ታንኳኳለች፤ ትናገራለች፤ ከዚያም ከሐዘንተኛው ጋር መሬት ትቀመጣለች። ጴንጤው፣ ኦርቶዶክሱ፣ ኤርትራዊው፣ ኦሮሞው፣ ማንም አይቀራትም። «የሞት ጸሐፊ አድርጋችሁ ቀጠራችሁኝ እኮ፤ ደመወዜስ?» እያለች ሐዘንተኛውን ሳይቀር ታስቅ ነበር።

እንዲህ ያለች ሴት ቤት መከራ ሲመጣ ተራ ጠብቆ አልመጣም። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ የጀመራት የሆድ ቁርጠት ቆሽቷ ላይ የበቀለ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። ኅዳር ላይ ለቀዶ ጥገና ገባች። የመጀመሪያ ልጇ ያሬድ፣ አሳንሰር የሚጠግነው፣ ሳቁ ከደረጃው ሥር የሚሰማው ያ ልጅ፣ እናቱ ከሰመመን ስትነቃ አጠገቧ ልሁን ብሎ ከሥራው ፈቃድ ወሰደና በዝናብ ብስክሌቱን እየጋለበ ወጣ። መታጠፊያው ላይ የጭነት መኪናው አላየውም። አምቡላንሱ ያደረሰው እናቱ ወደተኛችበት ሆስፒታል ነበር፤ ግን ምን ይሆናል! ነፍሱ መንገድ ላይ ቀርታለች። እናት ላይኛው ፎቅ ሆዷ ተከፍቶ፣ ልጅ ምድር ቤት በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ... በአንድ ጣሪያ ሥር! አባት በሁለቱ መካከል ሲወርድና ሲወጣ ዋለ። እግዚኦ፣ ይህን ያየ ዓይን እንዴት አልፈሰሰም?

ለቅሶው የተቀመጠው በኪራይ አዳራሽ ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደ አገራቸው ወግ መከሩ። ለሕመምተኛ መርዶ አይነገርም፤ ቁስሏ ይጠግግ፣ እህል በአፏ ይዙር፣ ከዚያ ይደርሳል አሉ። ከፍቅር የመጣ ምክር ነው፤ ማን ክፉ አሰበ? ያሬድ ኖርዌይ ውስጥ፣ ባሕር መሃል ባለ የነዳጅ ማውጫ ላይ ድንገት ሥራ አግኝቶ ሄደ ተባለ። ሪድበርግ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ መድኃኒት ቅመማ የምትማረው ታናሽ እህቱ አርሴማ የወንድሟን ስልክ ያዘችና «ማሚ፣ ደህና ነኝ፤ እዚህ መስመር ስለሌለ መደወል አልችልም» እያለች በሟች ስም ለእናቷ መጻፍ ጀመረች። ወዳጅ ዘመድም «ዓይናችሁ ያስታውቃል፤ አትምጡ» ስለተባለ ቀረ። የማንም ሐዘን አምልጧት የማያውቅ ሴት፣ እሷ ስትታመም ደጇን የሚረግጥ ጠፋ። «ውባለም እንኳ? እህቴ ያልኳት ውባለም? ምን በድያቸው ነው?» ትላለች ወደ ግድግዳው ዞራ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የዚህ ቤት ውሸት ግን እያደር ይከብድ ነበር።

ገና ካለፈ በኋላ ሐኪሟ የሀብተ ጊዮርጊስን ፊት አየና «እርስዎ ከባለቤትዎ ቀድመው ሊወድቁ ነው» አለው። ከዚያም ሆስፒትስ ከሚባለው፣ መዳን የማይችል ሕመምተኛ እስከ መጨረሻው ከሚታገዝበት ቤት፣ በጎ ፈቃደኛ አስጠራለት። በጎ ፈቃደኞቹ በየቤቱ እየሄዱ ከታማሚው ጋር ይቀመጣሉ፤ አስታማሚው በዚያች ሰዓት ይተኛል፣ ይላጫል፣ ወጥቶ አየር ይቀበላል። ዶርቃ ወደዚህ ቤት የመጣችው እንዲህ ነው። የነቀምት ልጅ ናት፤ ኦስትኤንድ ሰፈር ውስጥ የቢሮ ፎቆች ታጸዳለች፤ እሑድ በኪራይ አዳራሽ ታመልካለች። የገዛ እናቷ ስትሞት «ገጠር እህቷ ዘንድ ሄዳ ነው» ብለው ዘመዶቿ ደብቀዋት፣ አፈር ለለበሰች ሴት ለወራት ሻርፕና የጉልበት ቅባት ስትልክ ኖራለች። ለእናቷ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሳታቀብል ስለቀረች፣ ለማታውቃቸው ጀርመኖች ውሃ ስታቀብል ዓመታት አለፉ። የጉባኤዋ ሰዎች «ነጻ ሥራ? በጀርመን አገር?» ብለው ይስቁባታል።

«ጴንጤ ነሽ አሉኝ» አለቻት የወርቅውሃ በመጀመሪያው ቀን።

«ነኝ፣ እትዬ።»

«እንግዲህ አልጋዬ ሥር ሃሌ ሉያ ብለሽ እንዳትጮኺብኝ። እግሬን ማሸት ግን ትችያለሽ።»

«በቀስታ ብልስ፣ እትዬ?»

«በቀስታማ ይሁን። እግዜሩም አልደነቆረ።»

ሁለቱም ሳቁ። በዚያ ቤት ሰው ከልቡ ሲስቅ ከኅዳር ወዲህ ያ የመጀመሪያው ነበር። ዶርቃ እግሯን አሸች፤ ከንፈሯን አረጠበች፤ የወርቅውሃም ስለ ልጇ አወራች። ያሬድ በሕፃንነቱ የአሳንሰር ቁልፍ ሁሉ ካልነካሁ ብሎ ሲያለቅስ፣ ያሬድ የመጀመሪያ ደመወዙን ተቀብሎ ጫማ ሲገዛላት፣ ጫማው ጠቧት ሳለ ልክ ነው ብላ ስትዋሸው... «አሁን ግን ረሳኝ» አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ቀነሰ። «ድምፁን እንኳ አያሰማኝም። ባሕር ሰው ይለውጣል መሰለኝ።»

አንድ ቀን ዶርቃ የሕመምተኛዋን አንሶላ ይዛ ምድር ቤት ወዳለው የጋራ ማጠቢያ ወረደች። መብራቱን ስታበራ ሀብተ ጊዮርጊስ ብስክሌቶቹ መካከል ቆሞ በጥቁር ሸሚዙ አፉን አፍኖ ሲያለቅስ አገኘችው። የሽማግሌ ለቅሶ! ድምፅ የለው፣ እንባው ሁሉ ወደ ውስጥ።

«ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ... ማን ሞተብዎት?»

«ያሬድ» አላት። ስሙን ጮክ ብሎ ከጠራው ስንት ጊዜ ሆኖት ነበር? ሁሉንም ነገራት። ከዚያ ሽማግሌው እጇን ጨበጠ። «በምታምኚው ጌታ ይዤሻለሁ፣ ልጄ። አፍሽን እንዳትከፍቺ። ትንሽ ይሻላት፤ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።»

ዶርቃ ምን ታድርግ? በሆስፒትሱ ሥልጠና ከሰማችው ሁሉ ልቧ ውስጥ የቀረው ለሚሞት ሰው አትዋሹ የሚለው ነበር። «እኔንም እንዲህ ነው ያደረጉኝ» ልትለው ምላሷ ድረስ መጣ። ግን ሽማግሌው የጨበጠውን እጇን አልለቀቀም። ሆድ ይፍጀው አለችና ማለችለት። አንሶላውን ሳታጥብ ይዛው ተመለሰች።

ትንሽ አልተሻላትም። መጋቢት ላይ ነቀርሳው ጉበቷን ያዘ፤ ሐኪሙም እንደ አገሩ ልማድ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጦ ከእንግዲህ መድኃኒት እንደሌለ ፊት ለፊት ነገራት። የወርቅውሃ አላለቀሰችም። «ሞትን እኔ ነኝ በየቤቱ ሳስተዋውቀው የኖርኩ፤ አሁን እኔን ሳይተዋወቀኝ ሊሄድ ነው?» አለችና ኦስትኤንድ ወዳለው ሆስፒትስ ለመግባት እሺ አለች። መስኮቱ ወደ አንድ ትልቅ ዛፍ የሚመለከት ክፍል ሰጧት። ዶርቃም ከሥራዋ ስትወጣ በቅርብ ስለሆነ በየቀኑ ማለት ይቻላል ትመጣለች። የወርቅውሃ ከምድር ላይ የቀራት ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ያሬድን ማየት። ስልኳን ዶርቃን አስያዘችና በደከመ ጣቷ ጻፈች። «ልጄ፣ መሞቴ ነው። ና።»

መልእክቱ አርሴማ ቦርሳ ውስጥ ጮኸ። ልጅቷ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ በመቶ ተማሪ መሃል፣ ስልኩን አየችና ሳታስበው ጣቷ መለሰ። «ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ማሚ።»

«አርሴማ፣ ምን አደረግሽ?» አለ አባቷ ሲሰማ። ድምፁ ከቁጣ ይልቅ ፍርሃት ነበረው።

«ኢሽ ኮንተ ኒሽት አንደርስ፣ ፓፓ!» አለችው እያለቀሰች፤ ሌላ ማድረግ አልቻልኩም ማለቷ ነው። «መሞቴ ነው፣ ና ብላ ጻፈችልኝ። ምን ልበላት? አልመጣም ልበላት? አንተ ነህ ይሄን ያስጀመርከኝ! እኔ ደክሞኛል... እኔ እኮ ወንድሜን አንድ ቀን በደንብ አላለቀስኩትም!»

አባትም እስከ ፋሲካ ድረስ እግዚአብሔር አንድ መላ ያመጣል ብሎ ተስፋ አደረገ። ወይም... ይህንን ለራሱም አልተናገረውም እንጂ፣ እሷ እስከ ፋሲካ ባትደርስስ ብሎ አሰበ። እንዲህ አሰበና ጌታ ሆይ ማረኝ አለ።

የወርቅውሃ ግን ደረሰች። ለመድረስም ስትል ኖረች ማለት ይሻላል። ሐኪሞቹ ተገርመው ትከሻቸውን ሰበቁ። በፋሲካ ዕለት ዶርቃ ጸጉሯን አበጠረችላት፤ የተጠለፈውን ነጭ ቀሚስ አለበሰቻት፤ ከስታ ቀሚሱ ስለሰፋባት ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ያዘችው። አርሴማ ዶሮ ወጥ በሣህን ይዛ መጣች። እናት አልቀመሰችም፤ ይልቅ ከወጡ ውስጥ አንዱን ፈረሰኛና አንዱን እንቁላል ለይታ «ይህ የያሬድ ነው፤ ክደኑት» አለች። ከዚያ ዓይኗን በሩ ላይ ተከለች። ነርሷ ስትገባ ቀና አለች። የጽዳት ሠራተኛው ሲገባ ቀና አለች። ኮሪደሩ ላይ የሰው እርምጃ በተሰማ ቁጥር እጇ ወደ ጸጉሯ ይሄዳል። ቀኑ መሸ። የተከደነው ወጥ በረደ። አባትና ልጅ እርስ በርስ መተያየት ፈሩ።

በማግስቱ ጠዋት ዶርቃ ስትገባ የወርቅውሃ ነጩን ቀሚስ እንደለበሰች፣ ዓይኗ ደርቆ አገኘቻት።

«ነይ፣ ቅረቢኝ። ምስክር ትሆኚኛለሽ።»

«ምን ሆኑ፣ እትዬ?»

«ልጅ አለኝ እል ነበር። ለሰው ሁሉ ልጅ አለቀስኩ፤ ለሰው ሁሉ እናት አለቀስኩ። የእኔ ልጅ ግን እየሞትኩ ነው፣ ና ስለው ባሕር ላይ ገንዘብ ይለቅማል። ዓይኔን ሳያየኝ...» ትንፋሽ አጠራት። ዶርቃ አፏን ልትይዝ እጇን ሰደደች፤ አልደረሰችም። «ያሬድ ሀብተ ጊዮርጊስ! ያጠባሁህ ጡት ይፋረድህ! አንተም እንደ እኔ በር በር እያየህ፣ የሚደርስልህ አጥተህ ሙት!»

በሩ ላይ አንድ ነገር ወደቀ። ሀብተ ጊዮርጊስ ነበር። ይዞት የመጣው አበባ ከነብርጭቆው መሬት ላይ ተበትኖ፣ እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ይንሸራተት ነበር። ወይ ጉድ! እናት ልጇን ረገመች፤ ያውም እሷን ብሎ ሲበር የሞተውን ልጅ፣ ያውም አፈር በልቶት ያደረውን! ያ ልጅ አስፋልት ላይ ወድቆ፣ እውነትም የሚደርስለት አጥቶ መሞቱን እሷ በምን ታውቅ?

ዶርቃ ሽማግሌውን ኮሪደሩ ላይ ካለው ወንበር አስቀመጠችው። ውሃ አጠጣችው። ሲረጋጋ ከፊቱ ተንበርክካ ዓይኑን አየችው።

«ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ እኔንም እናቴ ስትሞት ደብቀውኝ ነበር። ለእኔ ብለው ነው፤ አውቃለሁ። ግን በሞተች ጊዜ፣ ሳላውቅ፣ የሳቅኩባት ይመስለኛል። እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።»

«ብነግራት ትሞታለች፣ ልጄ።»

«እትዬ እየሞቱ ነው፣ ጋሽዬ። ሞታቸውን አይደለም የከለከሏቸው፤ ለቅሷቸውን ነው። እንዲህ እንደረገሙት ይሂዱ? እዚያ ሲያገኙት ምን ይሉታል?» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «መሐላዬን ይመልሱልኝ። ካልመለሱልኝ ጌታ ይቅር ይበለኝና አፈርሰዋለሁ።»

ሽማግሌው «መመለሱንስ መልሼልሻለሁ» አለ። «ግን አንቺ ብቻሽን አትነግሪያትም። እሷ ለሰው እንደምታደርገው ነው የሚደረግላት።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ኦስትኤንድ ያለው የሆስፒትስ ግቢ በሐበሻ ተሞላ። አስተባባሪዋ ጀርመናዊት ነገሩን ከዶርቃ ሰምታ በሩን አስከፍታ ነበር፤ ወንበርም ራሷ ትሸከም ነበር። የነፍስ አባቷ ቄስ ኃይለ መስቀል ከፊት፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ከጎናቸው፣ ውባለም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላ፣ አርሴማና ዶርቃ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ክፍሏ ገቡ። ሌላው ሰው ኮሪደሩን ሞልቶ ቆመ። የወርቅውሃ ዓይኗን ገለጠች። ቄሱን አየች። ውባለምን አየች። በኮታቸው ሥር የሸፈኑትን ጥቁር አየች። ይህን ሰልፍ ስንት ጊዜ መርታው ታውቃለች! ከዚያ ባሏን አየች፤ ያለ ሰማያዊው ሹራብ፣ በጥቁር ሸሚዙ።

«ሀብቴ» አለች። «ማንን ነው ያመጣችሁልኝ?»

ዓይኗ ከጥቁሩ ሸሚዝ አልተነቀለም።

«ያሬድን ነው?»

«አዎ፣ ወርቅዬ።»

«መቼ?»

«በኅዳር። አንቺ ቀዶ ጥገና የገባሽ ቀን። ወደ አንቺ ሲመጣ... በዝናብ፣ በብስክሌቱ ወደ አንቺ ሲመጣ። ያመጡትም አንቺ ወደተኛሽበት ሆስፒታል ነው።»

 ሴትዮዋ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር፤ ወራቱን ወደ ኋላ ትቆጥር ነበር መሰል፤ የኖርዌይን መልእክት፣ የፋሲካን ቀጠሮ፣ የተከደነውን ወጥ። ከዚያ ወደ ዶርቃ ዞረች። «ታዲያ ትናንት የረገምኩት ማንን ነው?» አለች።

ከዚያ በኋላ የተሰማውን ጩኸት እዚያ ቤት የሚሠሩ፣ ሞትን በየሳምንቱ የሚያዩ ጀርመኖች እስከ ዛሬ ያስታውሱታል። ከዚያ ከደከመ ደረት ያ ድምፅ ከየት መጣ? ኮሪደሩ አብሮ ጮኸ። ውባለም አልጋው ላይ ወጥታ አቀፈቻት፤ ነጠላ አዘቅዝቃ አለበሰቻት። «ልጄ! አንተ ሳቂታው! በዝናብ ወደ እኔ የመጣኸው! እኔ የተኛሁበት ሥር ተኝተህ እኔ አላወቅኩም! አንተን አፈር ሲያለብሱህ እኔ የሆስፒታል ሾርባ እጠጣ ነበር!» እያለች የወርቅውሃ ሙሾውን አወረደችው። ሰውም አለቀሰላት፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት። ለወራት ደጇን ያልረገጡ ሁሉ አንድ በአንድ እየገቡ እግሯ ሥር ተደፉ። የምትሞት ሴት ሐዘንተኛ ሆና ለቅሶ ተቀመጠች። አርሴማም ከእናቷ ጎን አልጋው ላይ ተጠቅልላ ገብታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሜ እያለች በአማርኛ አለቀሰች።

ባሏ ግን ሊቀርባት አልደፈረም። እሷም አላየችውም። አንድ ጊዜ ብቻ «ለቅሶዬን ቀማኸኝ፣ ሀብቴ» አለችው፤ ያቺ አንዲት ቃል ከርግማኑ በላይ ከበደችው። ሰው ቀስ በቀስ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ጥግ ላይ ብቻውን ቀረ። ዶርቃ ለየወርቅውሃ ስለ ምድር ቤቱ፣ ኬለር ስለሚሉት ክፍል፣ ነገረቻት፤ በሸሚዝ አፉን አፍኖ ስለማልቀሱ ነገረቻት። ሕመምተኛዋ ወደ ጥጉ ዞረች።

«ኬለር ገብተህ ነው አሉ የምታለቅሰው?» አለችው።

«አዎ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

«ሞኝ! ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው እያልኩ ስንቱን ሳጽናና ኖሬ፣ የገዛ ባሌ ከብስክሌት ጋር ያልቅስ?»  ትራሷ አጠገብ ቦታ ለቀቀችለት። «ና። እዚህ አልቅስ።»

ሄደ። ሽማግሌው አንገቷ ሥር ፊቱን ቀበረና አለቀሰ፤ እሷም አለቀሰች፤ ዶርቃ በሩን በቀስታ ዘግታ ወጣች።

የወርቅውሃ በማግስቱ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። «ልጄ ጋ ውሰዱኝ።» ሐኪሙ መንገዱን አትችለውም አለ። ዶርቃ ግን ለሚሞቱ ሰዎች የመጨረሻ ምኞታቸውን በነጻ የሚፈጽሙ፣ አልጋ የሚይዝ መኪና ያላቸው በጎ ፈቃደኞች እንዳሉ ታውቅ ነበር። ለመነቻቸው። እነሱም እሺ አሉ። ፀሐይ በወጣችበት ቀን ከነአልጋዋ ጭነዋት ወደ መቃብሩ ሄዱ፤ የጠጠሩን መንገድ አልጋውን ተሸክመው ተሻገሩና ከያሬድ አፈር አጠገብ፣ እጇ መሬት እስኪነካ ድረስ ዝቅ አድርገው አስቀመጧት። በድንጋዩ ላይ ያለውን ስም አየች። ፎቶግራፉን አየች። አፈሩን በመዳፏ እንደ ሕፃን ራስ ዳበሰችው።

«ያሬዴ፣ እኔ ነኝ፤ እማዬ ነኝ» አለች። «ዘገየሁ፣ ልጄ። አልነገሩኝም እኮ። አንተ ስትመጣ ሰመመን ይዞኝ ነበር፤ አንተ ስትሄድ ደግሞ ውሸት ይዞኝ ነበር። ያን ክፉ ቃል ያወጣው አፌ ነው፤ አፌ ይረገም። አንጀቴ አንድ ቀን አልረገመህም። ያጠባሁህ ጡት ይመርቅህ። አፈሩ ይቅለልህ። ሰማህ? መልስ ባትሰጠኝም ሰማህ አይደል?» ነፋሱ ዛፎቹን አንቀሳቀሰ፤ ከሩቅ ባቡር አለፈ፤ ሌላ መልስ አልመጣም። ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ጀርመናዊው ሾፌር ቋንቋውን ሳያውቅ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን አዞረ። የወርቅውሃ ጉንጯን አፈሩ ላይ አስደግፉኝ አለች፤ አስደገፏት። እንዲያ ሆና ቆየች። ሲያነሷት ጉንጯ ላይ የቀረውን አፈር «ተዉት» አለች፤ ማንም አልጠረገውም።

ሲመለሱ አርሴማ ከፊት ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች፤ ሀብተ ጊዮርጊስና ዶርቃ ከኋላ ከአልጋው ግራና ቀኝ። ሽማግሌው ቀለል ብሎት ነበር። ወራት የተዘጋ አፉ ተከፍቶ ያለማቋረጥ ያወራት ነበር፤ ይህ እኔ የነዳሁበት መስመር ነው፤ ያኔ ያሬድን አዝለሽ ስትሳፈሪ ቲኬት ሳልጠይቅሽ ቀረሁ ብለው የገሠጹኝ እዚህ ነው፣ ታስታውሻለሽ? ዶርቃ የያዘችው እጅ ግን መስቀለኛው መንገድ ላይ ቀይ መብራት ሲያቆማቸው ከብዶ ነበር። ብዙ እጅ ይዛለች፤ ታውቀዋለች። ዓይኗን አነሣች። የወርቅውሃ ፊቷን ወደ ባሏ እንዳዞረች፣ ከንፈሯ በትንሹ እንደተከፈተ፣ አልፋለች።

ሽማግሌው ያወራል። ጥቂት ይደሰት፣ እስኪደርሱ ይቆይ፣ እዚያ ሰው አለ፣ ቄስም አለ... ይህ ሁሉ በዶርቃ ልብ ውስጥ አለፈ። ኀዘን የሚያዘገዩ ሰዎች ሁሉ እንዲህ ነው የሚያስቡት፤ ጥቂት ብቻ፣ እስኪደርሱ ብቻ። እጇን ዘርግታ የሀብተ ጊዮርጊስን ክንድ ነካች።

«ጋሽዬ፣ እትዬ አርፈዋል። አሁን ነው።»

ሽማግሌው ሚስቱን አየ። ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት፤ አፈር ያለበትን ጉንጯንም ሳማት። ከዚያ ወደ ፊት ዞሮ፣ ጎህ ሳይጠብቅ፣ ዘመድ ሳይሰበስብ፣ ከሾፌሩ ጋ በምታገናኘው ትንሽ መስኮት በኩል ልጁን ጠራት።

«አርሴማ፣ ልጄ። እናትሽ ሞተች። ነይ፣ አብረን እናልቅስ።»

ሾፌሩ መኪናውን መንገድ ዳር አቆመ። ሰዎች በብስክሌትና በእግር ያልፉ ነበር፤ ፀሐይ ነበር፤ የከተማው ቀን እንደ ማንኛውም ቀን ይሄድ ነበር። በተከፈተው የመኪና በር አባትና ልጅ ተቃቅፈው ያለቀሱት ለቅሶ ግን የራሳቸው ነበር፤ ማንም አላዘገየባቸውም፤ ማንም አልቀማቸውም።

የወርቅውሃን ከልጇ ጎን ቀበሯት። ዕድል የሚሉት ነገር ለአንዱ ረጅም ዕድሜ፣ ለአንዱ ሀብት፣ ለአንዱ ደግሞ እንዲህ ያለ አጭር ምሕረት ብቻ ይሰጠዋል። ሞትን ማን ከልክሎ ያውቃል? ሽማግሌ አልከለከለው፤ ሐኪም አልከለከለው፤ ፍቅርም አልከለከለው። ልንከለክል የምንችለው እንባን ብቻ ነው፤ እሱንም ስንከለክል የምንበድለው ያን የምንወደውን ሰው ነው። ዶርቃ ዛሬም ኦስትኤንድ ፎቆቹን ጠርጋ ስትጨርስ ወደዚያ ቤት ትሄዳለች። ሀብተ ጊዮርጊስም ሥልጠናውን ወስዶ በሳምንት አንድ ቀን አብሯት ይመጣል፤ ከማያውቃቸው ሽማግሌዎች አልጋ አጠገብ ይቀመጥና የጠየቁትን ሁሉ እውነቱን ይነግራቸዋል።